የዛፍ ድመት ምን ትሠራልናለች?

መጀመሪያ የተዋወቅነው በኩሷ ነው። ኦገስት ወር ላይ፣ በስኮትላንድ የኬርንጎርምስ ተራሮች ግርጌ ባለ የጥድ ጫካ ውስጥ፣ አብሮኝ የሚሄደው ሰው ድንገት ቆመና መንገዱ መሀል ተንበረከከ። አንዲት ድንጋይ አናት ላይ ጣት የምታህል፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘች፣ ወደ ጥቁር ያደላች ሰማያዊ ነገር ተቀምጣለች። ጎንበስ ብሎ አሸተታት። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ለእኔም ቦታ ለቀቀልኝ።

እኔም አሸተትኩ። እርጥብ ድርቆሽ ላይ አንድ ጠብታ ሽቶ የወደቀበት ይመስላል እንጂ የሥጋ በል ጠረን አይደለም። ሰማያዊው የቢልቤሪ ቀለም ነው፤ ከጥዶቹ ሥር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚበቅል፣ የበላውን ሰው ከንፈርና ጥርስ የሚያጠቁር የዱር ፍሬ። ሰውየው በስንጥር ገለጥ ሲያደርጋት ከውስጧ የፍሬ ልጣጭ፣ የጥንዚዛ ክንፍ ስባሪና ከክብሪት እንጨት የቀጠነች አጥንት ወጣ። «የትናንት ማታ እራቷ ነው» አለኝ። እንስሳዋን ሳላያት ማዕዷን አየሁት።

ፓይን ማርተን ትባላለች። በአማርኛ ስም የላትም። የምትኖረው ከአየርላንድ እስከ ምዕራብ ሳይቤሪያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ቱርክና ካውካሰስ ባሉ ደኖች ስለሆነ ቋንቋችን ሊሰይማት አልተገናኙም። ሽለምጥማጥ ብያት ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ቁመናዋም የዶሮ ሌብነቷም ይመሳሰላል። ግን ዝምድና የላቸውም፤ የእሷ ወገን ዊዝል፣ ኦተርና ባጀር የሚባሉት ሥጋ በሎች ናቸው። የጥንት እንግሊዞች ከዘመዷ ከፖልካት የሚለዩዋት በጠረኗ ነበር፤ እሷን ጣፋጯ ማርት፣ ፖልካትን ግማታሙ ማርት ይሉ ነበር። አይሪሾች ደግሞ ካት ክራን ይሏታል፤ የዛፍ ድመት ማለት ነው። እኔ ይኼኛውን ወድጄዋለሁ። መጠኗም የድመት ነው፤ ወንዱ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ግድም ይመዝናል፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሰው ስለዚች እንስሳ ባወራ ቁጥር፣ በየትኛውም ዘመን ይሁን፣ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ ምን ትሠራልናለች? መልሱ ይለዋወጣል፣ ጥያቄው አይለወጥም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ይህ ነገር ከሆዴ ስላልወጣ ነው።

በዓይኔ ያየኋት ኩሷን ካየሁ ከስምንት ወር በኋላ ነው። የምኖርባት ትንሽ ቤት ጓሮዋ ከጫካው ጋር ይያያዛል። ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔ በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። ማርተን በመስኮት ማየት ከፈለግሁ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የወፍ መመገቢያዋ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥሬ እንቁላልና አንድ ማንኪያ ማርማላታ አስቀምጥ፣ መብራት አጥፋ፣ አትነቃነቅ፣ አታስል። ማርማላታው እንጆሪ ቢሆን እንደሚመረጥ ሲያክሉ ፊታቸው ላይ ቅንጣት ፈገግታ አልነበረም።

አሥራ አንድ ሌሊት ጠበቅሁ። አንዳንዱን ሌሊት እንቁላሉ ጠዋት በቦታው አገኘዋለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ እንቅልፍ በወሰደኝ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ተወስዷል። በአሥራ ሁለተኛው፣ ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም፣ ከጥዱ ግንድ ላይ አንድ የቅርፊት ቁራጭ የተላቀቀ መሰለኝ። ቅርፊቱ ግን ወደ ታች ይሮጣል። ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ፣ ግንዱን በአራት እግሯ አቅፋ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ሲቀራት ቀጥ አለች። ጆሮዎቿ ከጠበቅኋቸው በላይ ትልልቅና ክብ ናቸው፤ ዙሪያቸው ነጣ ያለ ጠርዝ አለው። ቤቱን አየች። እኔን ያየች መሰለኝና ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከዚያ ዘለለች። ጠረጴዛዋ ላይ ስታርፍ ድምፅ አልሰማሁም። መጀመሪያ የፊት እግሮቿን ጠርዙ ላይ አድርጋ ማርማላታውን ላሰች፤ ረጅም ጊዜ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና። ፀጉሯ እንደ ቸኮላታ ቡናማ ነው። ከአገጯ ሥር ጀምሮ እስከ ደረቷ ሕፃን ሲበላ እንደሚያስሩለት መሐረብ ሰፊ ክሬማማ ቢጫ ወርዷል። በዚያ ቢጫ ላይ፣ ወደ ግራ እግሯ ጠጋ ብሎ፣ ነጠላ ሰረዝ የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ አላት። ይህን ልብ ብዬ ያዝኩት፤ ምክንያቱም የእያንዳንዷ ማርተን የደረት መሐረብ እንደ ጣት አሻራ የራሷ ብቻ ነው። አጥኚዎችም እነሱን የሚቆጥሩት ደረታቸውን እያሳዩ እንዲቆሙ አድርገው ካሜራ ሥር ምግብ በማንጠልጠል ነው።

እንቁላሉን ለመያዝ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሁለት ጊዜ ከጥርሷ አዳለጠ። በሦስተኛው አፏን ሊቀደድ እስኪመስል ከፈተችና ሳትሰብረው ያዘችው። ጉንጮቿ ተነፍተው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የተሰጣትን አደራ እንደምታደርስ ልጅ ተጠንቅቃ ወጣች። ሰባት ደቂቃ ያህል ቆይታ ተመለሰች፤ እንቁላሉን የሆነ ቦታ ቀብራው መሆን አለበት፣ ማርተኖች የተረፋቸውን ለኋላ ይደብቃሉ። የቀረውን ማርማላታ ጨርሳ፣ ሰሌዳውን አሽትታ፣ ወደ ጥዱ ሄደች። ግንዱን ስትወጣ ጥፍሮቿ ቅርፊቱን ሲቧጥጡ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መስኮቱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ያየሁትን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ የሚጎድልብኝ ነገር አለ፤ ምን ያህል የራሷ ጉዳይ እንዳላት ነው። አትቸኩልም፣ አትዘገይም። ቤቱም እኔም ለእሷ የመልክዓ ምድሩ አካል ነን።

ዛፍ ላይ ያላት ችሎታ ስታዩት የሚያስደነግጥ ነው። ጥፍሮቿ በከፊል ይሰበሰባሉ፣ የፊት እግሮቿ ከሰውነቷ አንጻር ጠንካሮች ናቸው፣ ረጅሙ ጅራቷ ቅርንጫፍ ላይ ሚዛን ይጠብቅላታል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍም ትዘላለች። ክረምት ሲገባ የመዳፏ ሥር ሳይቀር ፀጉር ያበቅላል፣ በበረዶ ላይ እንድትሄድ። እንደ አንዳንድ እንስሳት ክረምቱን በእንቅልፍ አታሳልፍም፤ ቀጭን ስለሆነች የምታከማቸው ስብም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ማግኘት አለባት። የሚገርመው ግን አብዛኛውን ምግቧን የምትሰበስበው መሬት ላይ መሆኑ ነው። ዋና ምግቧ ሣር ውስጥ የሚሽሎከለክ የሜዳ አይጥ ነው፤ ከዚያ ፍሬው፣ ጥንዚዛው፣ ወፉና እንቁላሉ፣ ሞቶ ያገኘችው ሚዳቋ፣ የዱር ንብ ማር። ዛፉ ከቀበሮና ከንስር የምታመልጥበት፣ የምትተኛበትና የምትወልድበት ነው። ስሟ ላይ ጥድ ቢኖርም ኦክና ቢች በሚባሉ ዛፎች ጫካ ውስጥም እንደዚያው ትኖራለች።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

የመጀመሪያው መልስ ቆዳዋ ነበር። የክረምት ፀጉሯ ጥቅጥቅና ለስላሳ ስለሆነ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የማርተን ቆዳ ገንዘብ ነበር፤ ለማጋነን አይደለም፣ ቃል በቃል ገንዘብ። በኪየቫን ሩስ፣ በዛሬዋ ዩክሬንና በጎረቤቶቿ ምድር በነበረው መንግሥት፣ ኩና የሚባል የሒሳብ መክፈያ ነበር፣ ኩና ማለት ማርተን ነው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን 25 ኩና አንድ ግሪቭና ይሆናል። በዛሬዋ ክሮኤሺያ ምድር በስላቮኒያ ሕዝቡ ለገዢው በማርተን ቆዳ ይገብር ነበር፤ ግብሩም ማርቱሪና ይባላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የተመታው የብር ሳንቲም ላይ ማርተን ስትሮጥ ተቀርጻለች። ክሮኤሺያ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በሜይ 1994፣ ለአዲሱ ገንዘቧ የሰጠችው ስም ኩና ነው። በጃንዋሪ 2023 ወደ ዩሮ ስትሻገርም ማርተኗን አልተወቻትም፤ በክሮኤሺያ የአንድ ዩሮ ሳንቲም ላይ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ትታያለች። የመጀመሪያው ንድፍ ከአንድ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ ሥራ የተቀዳ ነው ተብሎ ተሰርዞ በሌላ መተካቱ ትዝ ይለኛል።

ያንን ሳንቲም በፖስታ አስመጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ። ቆንጆ ነው። ሳየው ግን ከጀርባው ያለውን አልረሳም፤ ሳንቲሙ ላይ የወጣችው ቆዳዋ ስለተገፈፈ ነው።

ሁለተኛው መልስ «አትሠራልንም፣ ታጠፋብናለች» የሚል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታንያ ባለርስቶች ሰፋፊ መሬታቸውን ግራውዝና ፌዘንት የሚባሉ ወፎች የሚታደኑበት ቦታ አደረጉት። ሀብታም እንግዳ መጥቶ እንዲተኩስ ወፉ መብዛት አለበት፤ ወፉ እንዲበዛ ወፍ የሚበላ ሁሉ መሞት አለበት። ለዚህ ደመወዝ ተከፋይ የአደን ቦታ ጠባቂዎች ተቀጠሩ። በስኮትላንድ ግሌንጋሪ በሚባል ርስት ከ1837 እስከ 1840 የተገደለውን ይዘረዝራል የሚባል መዝገብ አለ፤ እስካሁን በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። 246 ማርተን ይላል። 198 የዱር ድመት፣ 106 ፖልካት፣ ከዚያ ንስሩ፣ ጭልፊቱ፣ ጉጉቱ ይቀጥላል። አንድ ርስት ነው፣ ሦስት ዓመት።

በሌላ በኩል ጫካው ራሱ ተመንጥሮ አልቆ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከመላው ብሪታንያ ማርተን በደህና የተረፈችው በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ተራሮች ብቻ ነበር፤ በሰሜን እንግሊዝና በዌልስ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ብዙ ሰው ለጦርነት ሄዶ ወጥመዱ ሲላላ፣ በኋላም አዲስ ደን ሲተከል፣ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብና ምሥራቅ መመለስ ጀመረች። በሕግ ሙሉ ጥበቃ ያገኘችው በአየርላንድ በ1976፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1988 ነው።

ቀስ በቀስ ያልኩት በምክንያት ነው። ማርተን ለመብዛት የተፈጠረች አይደለችም። ሴቷ ለመውለድ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይሞላታል፤ ከዚያም በዓመት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ልጅ ትወልዳለች። እርግዝናዋ ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው። ከወንዱ ጋር የምትገናኘው በጁላይና ኦገስት ነው። ጽንሱ ግን ጥቂት ቀን አድጎ ይቆማል። ማህፀን ላይ ሳይጣበቅ፣ ሳያድግ፣ ሳይሞት፣ መኸሩንና የክረምቱን መግቢያ ያሳልፋል። ጃንዋሪ ላይ ቀኑ መርዘም ሲጀምር ሰውነቷ ይነቃና ጽንሱ ይጣበቃል፤ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ላይ ትወልዳለች። ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ላይ አይጥ ስታሳድድ፣ ውስጧ በዓይን የማይታይ የተኛ ልጅ ይዛ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የዲሴምበር ዱካዋን በረዶ ላይ ሳይ እግሬ አላልፍ ይላል።

እዚህ ላይ የእማማን ዶሮዎች ማንሳት አለብኝ፤ ማርተንን መውደድ ቀላል ነው የምል እንዳይመስልብኝ። ባለፈው ዓመት በአንድ ሌሊት ስምንት ዶሮ ጨርሳባቸዋለች። የወሰደችው አንዷን ነው። ሰባቱ ቆጡ ሥር ተጋድመው ጠዋት አብረን ሰበሰብናቸው፤ አንገታቸው ላይ ትንሽ ንክሻ ብቻ፣ ላባው በየቦታው። ሰው ይህን ሲያይ «ለመግደል ደስታ ብላ ነው» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ጫካ ውስጥ አንድ ወፍ ስትይዝ ሌሎቹ ይበርራሉ፤ በዚያው ያበቃል። ዝግ ቤት ውስጥ ግን የሚሸሽበት የሌለው ዶሮ ዙሪያዋን ይራገባል፣ እያንዳንዱ መራገብ የማደን ደመ ነፍሷን ይቀሰቅሳል። ጊዜ ቢሰጣት ሁሉንም እያመላለሰች ትደብቃቸው ነበር። ይህን ሁሉ ባውቅም ገና ሙቀቷ ያልጠፋ ዶሮ በእጄ ይዤ ስቆም ተናድጄ ነበር፤ መናደዴ ትክክል ነበር ብዬም አምናለሁ።

እማማ ምንም አልተናገሩም። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። በሳምንቱ የዶሮ ቤቱን በጠንካራ ወንፊት ሽቦ አስለበጡ፤ የጭንቅላቷን ያህል ቀዳዳ ካገኘች ሁለመናዋ ስለሚገባ ክፍተቱን አንድ በአንድ በጣታቸው እየለኩ ነው። ያን ዕለት ማታ ጠረጴዛቸው ላይ እንቁላል አየሁ። ከሱቅ የተገዛ እንቁላል።

«እንዴት አስቻለዎት?» አልኳቸው።

«በሩን ሳልዘጋ የተኛሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እሷ ራቧት ነበር።»

ሦስተኛው መልስ የዘመናችን ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም መልካም ዜና ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ ከጥንት የነበረው ሽኮኮ (የአገራችን የዓለት ሽኮኮ ሳይሆን፣ ስኩዊረል የሚባለው ጅራተ ረጅሙ የዛፍ እንስሳ) ቀዩ ነው። ግራጫው ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ በ1876 በእንግሊዝ፣ በ1911 በአየርላንድ ሎንግፎርድ ተለቀቀ። ግራጫው ከቀዩ ይከብዳል፣ ምግቡን ይሻማዋል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሱን የማያሳምም ለቀዩ ግን ገዳይ የሆነ የሽኮኮ ፈንጣጣ ይዞ ይዞራል። ቀዩ ከአብዛኛው እንግሊዝና ዌልስ ጠፋ። ሰው ግራጫውን ለማጥፋት ወጥመድ፣ ጥይት፣ መርዝ ሞከረ፣ ብዙም አልሆነለትም።

ከዚያ በአየርላንድ መሀል አገር ማርተን ስትመለስ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ግራጫው ሽኮኮ ከሰፊ አካባቢ ጠፋ፣ ቀዩ ተመለሰ። ይህን ያሳየው ጥናት በ2014 ታተመ፤ በ2018 በስኮትላንድ የተደረገ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ማርተን ሁለቱንም ትበላለች፤ ታዲያ ለምን አንዱ ጠፋ ሌላው ቆየ? በሰሜን አየርላንድ ተመራማሪዎች የማርተን ጠረን ሽኮኮዎች በሚመገቡበት ሳጥን አጠገብ አደረጉ። ቀዮቹ ሳጥኑን ሸሹት፣ ሲመጡም ዙሪያቸውን እያዩ ነበር። ግራጫዎቹ እንደወትሮው መብላታቸውን ቀጠሉ። ቀዩ ከዚህች አዳኝ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖሯል፣ ጠረኗን ያውቀዋል። ግራጫው አያውቀውም።

ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ተነስቼ ቤቱ ውስጥ ተመላለስኩ። ቀጥሎ ያነበብኩት ግን አርዕስተ ዜናውን ነው፤ ማርተን «መሣሪያ» ተብላ፣ «መፍትሔ» ተብላ፣ እንደ አዲስ ቅጥር ሠራተኛ ተመርቃ። በዌልስ ከ2015 እስከ 2017 ከስኮትላንድ የተወሰዱ 51 ማርተኖች ተለቀቁ፤ በእንግሊዝ ፎረስት ኦፍ ዲን በሚባል ደን ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ 35፤ በ2024 መኸር ደግሞ በዚያው በእንግሊዝ፣ ዳርትሙር ላይ 15። ሥራውን ከልቤ አከብረዋለሁ፤ የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከማርተኗ በቀር ሌላ ምክንያት እንዳልነበራቸውም አውቃለሁ። ግን ደጋፊ ለማግኘት፣ ባለመሬቱን ለማሳመን፣ ገንዘብ ለማምጣት በየስብሰባው የሚነሳው ሽኮኮው ነው። ምን ትሠራልናለች? ግራጫውን ትበላልናለች።

ሥራውን ባትሠራስ? ማርተን ከተማ አትወድም። በከተማ ፓርክ የሚኖረው ግራጫ ሽኮኮ ከእሷ ደህና ነው፣ ስለዚህ ከነጭራሹ አታጠፋውም። እዚሁ ኬርንጎርምስ ደግሞ ካፐርኬሊ የሚባል ትልቅ የጫካ ወፍ አለ፤ በመላው ብሪታንያ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው፣ ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ ነው፣ እንቁላሉን ከሚበሉት አንዷም ማርተን ናት። ሽኮኮ ስትበላ ጀግና ያልናት፣ የካፐርኬሊ እንቁላል ስትበላ «ቁጥሯ ይቀነስ» የሚል ድምፅ ሲነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያው እንስሳ፣ ያው ጫካ፣ ያው ራብ። ደግነቱ ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ፤ ወፎቹ በሚታቀፉበት ሰሞን የአጋዘን ሥጋ ጫካው ውስጥ አስቀመጡ፣ ማርተኖቹም ወደዚያ አዘነበሉና ለሙከራ የተሠሩትን ጎጆዎች እንቁላል መዝረፋቸው ቀነሰ። ማንም አልሞተም። ይህ ሐሳብ የእማማ ጠረጴዛ ላይ ካለው እንቁላል ብዙም አይርቅም።

እኔ የምፈራው ይህን ነው። በሥራዋ የወደድናት እንደሆነ፣ ሥራው ባለቀ ወይም በተበላሸ ቀን ፍቅሩም ያልቃል። ባለርስቱም እኮ ጠላቷ የሆነው ሒሳብ ሠርቶ ነው። እኛ ሒሳቡን ገልብጠን ሠራን እንጂ ሒሳብ መሥራቱን አልተውንም።

ባለፈው መኸር እኔም የአቅሜን ላድርግ ብዬ ሳጥን ከሚሰቅሉ ሰዎች ጋር ወጣሁ። ማርተን ጉድጓድ አትቆፍርም፣ ቤት አትሠራም፤ የምትወልደው ሌላ በሠራው ቀዳዳ ነው። በዋናው አውሮፓ ትልቁ ጥቁር ግንደ ቆርቁር የሚባለው ወፍ የቆረቆረውን ቀዳዳ ትወርሳለች፤ በብሪታንያ ግን ይህ ወፍ የለም። እንደ ፖላንዱ ቢያዎቪየዛ ባለ ጥንታዊ ደን ያረጁ ዛፎች ከውስጥ በስብሰው ክፍት ይሆናሉ፤ እዚህ አብዛኛው ዛፍ የተተከለው ትናንት ነው፣ ሳያረጅም ይቆረጣል። አንድ ግንድ እሷን የሚያስገባ ቀዳዳ ለማብጀት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቀዳዳ ያጣች እናት የድንጋይ ስንጥቅ ወይም የሰው ቤት ጣሪያ ትፈልጋለች፤ ከዚያም ጠቡ ይመጣል።

ሳጥኑ ከወፍራም ኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው፤ ሁለት መግቢያ አለው፣ ሁለቱም ወደ ግንዱ በኩል፣ ግንዱን ይዛ እየወጣች በቀጥታ እንድትገባ። ውስጡ ሰጋቱራ ይሞላል። እኔ መሰላል ያዝኩ፣ ገመድ ሳብኩ፤ ዝናቡ በአንገቴ ይገባል፣ እጄ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። ከመሬት አራት ሜትር ከፍ አድርገን በአንድ ወፍራም ጥድ ላይ አሰርነው። ፊት ለፊቱ ባለ ዛፍ ላይ እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ የሚቀርጽ ካሜራ ተደረገ። ከዚያ ሄድን። በመውለጃዋ ወራት ፈቃድ ካለው ሰው በስተቀር ማንም አይጠጋም።

ክረምቱን በሙሉ ሳጥኑን የጎበኙት ሽኮኮና አንዲት ትንሽ ወፍ ናቸው። ማርች 9 ሌሊት ማርተን መጣች፤ ገባች፣ ወጣች፣ ክዳኑ ላይ ኩሷን ጣለች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ስትመጣ ደረቷን ለካሜራው ሰጠች። ከግራ እግሯ ከፍ ብሎ ነጠላ ሰረዝ አለ። ቪዲዮውን አቁሜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ማርማላታዬን የላሰችው እሷ ናት።

ኤፕሪልን ሙሉ ከቀኑ አብዛኛውን ውስጥ አሳለፈች። የማርተን ልጆች ሲወለዱ ዓይናቸው ዝግ ነው፤ እስኪከፈት አምስት ሳምንት ግድም ይፈጃል፤ የምታሳድጋቸውም ብቻዋን ነው። ከሳጥኑ የምትወጣበት ጊዜ እያደር ረዘመ፣ ስትመለስ አይጥ በአፏ ይዛለች። ፈቃድ ያለው ባልደረባችን ከሩቅ በመነጽር ከማየት በቀር አልቀረበም፤ ትክክል ነበር።

ሜይ 21፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከሳጥኑ ስትወጣ አፏ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ። መጀመሪያ አይጥ መሰለኝ፤ ግን ወደ ውጭ የሚወሰድ አይጥ የለም። ልጇ ነው። በማጅራቱ ይዛው፣ እግሮቹ ተሰብስበው፣ እንቁላሉን እንደያዘችው ተጠንቅቃ፣ ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ ግንዱን ወረደች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን ወሰደች። ከዚያ ሦስተኛውን። ማርተኖች ልጆቻቸው ከፍ ሲሉ ቦታ ይቀይራሉ፤ ወዴት እንደወሰደቻቸው ካሜራው አይነግረንም።

ሊነጋ ሲል አንድ ጊዜ ብቻዋን ተመለሰች። ጭንቅላቷን ወደ ሳጥኑ አስገባች፣ እስከ ወገቧ ገባች፣ ትንሽ ቆየች። ወጥታ ክዳኑ ላይ ቆመች፣ አየሩን አሸተተች፣ ወረደች። ቪዲዮው ላይ ከዚያ በኋላ ያለው ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ ነው።

ኦክቶበር ላይ መሰላሉን ይዘን ሄደን ሰጋቱራውን እንቀይራለን።